የድልድይ ጦር ተረኞች

በአሥራ ስምንት ዓመቴ ልዋጋ ሄጄ ጭልፋ ሰጡኝ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። የሶማሊያ ጦር ገፍቶ መጥቶ፣ ከሐረር በኩል የሚመጣው መኪና ሁሉ ቁስለኛና ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው የሚጭንበት ጊዜ ነበር። አሰበ ተፈሪ ላይ ወዶ ዘማች ይመዝገብ ተባለ። አሁን ከተማዋ ጭሮ ናት፤ ባጃጅ ላይ ወጥቼ «አሰበ» ስል ሾፌሩ ገና ከመቃብር የወጣሁ ያህል ዞሮ ያየኛል። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ እናቴን በነገር የማደርቅ ልጅ ነበርኩ። ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢው ሻምበል ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ወጥ መሥራት ትችያለሽ?» አለኝ። «መተኮስ እማራለሁ» አልኩት። «እሱን ሌላው ይማረዋል» አለና ጻፈኝ። እንዲህ ሆኜ የሻለቃው ወጥ ቤት ሆንኩ።

ሻለቃችን ከአሰበ፣ ከገለምሶ፣ ከበደሳና ከሚኤሶ የተሰበሰበ ነበር። አስተማሪ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ጫት ነጋዴ አለ፣ ማሳውን ለወንድሙ ትቶ የመጣ ገበሬ አለ። ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ነው። በእንጨት ጠመንጃ ሲሰለጥኑ ከርመው፣ ዘመድ ተሰናብተው፣ እናቶች አልቅሰው ከጨረሱ በኋላ ትእዛዝ መጣ። ወደ ግንባር አትሄዱም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የሐረር መንገድ ድልድይ ጠብቁ ተባሉ። የአንዳንዱ እናት በከንቱ ያፈሰሰችውን እንባ እስክትሞት ድረስ ስታነሳበት ኖራለች። ወደ ግንባር የሚያልፈው ወታደር ደግሞ ከመኪናው ላይ ሆኖ፣ «ድልድዩን አደራ፣ ተነሥቶ እንዳይሄድባችሁ!» እያለ ይሳለቅብን ነበር። የድልድይ ጦር የሚለው ስማችን የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ነበርን። ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ጭልፋ ነበረን። የአንዱ ድስት ፍንጣሪ ወደ ሌላው እንዳይሄድ በመካከላችን ቆርቆሮ አቁመን ነበር። ከቆርቆሮው ወዲያ የሚሠራው ሰው ከእኔ ስድስት ሰባት ዓመት ይበልጣል። ልጁ ከአረብ አገር ልካለት ሐጅ ካደረገ ወዲህ ሐጂ እንለዋለን። ከመካ ሲመለስ አከብረው ብዬ ለአንድ ሳምንት ያህል «እርስዎ» ስለው ተቆጣና፣ «አቦ ምን በደልኩሽ?» አለኝ። ወደ አንተ ተመለስኩ። እሱም ሰባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝን ሴት እስከ ዛሬ «አንቺ ልጅ» ነው የሚለኝ።

ሐጂ የእኔን የሥጋ ወጥ አንድም ቀን ቀምሶ አያውቅም፤ እኔም የእሱን አልቀመስኩም። ግን በሽታው ብቻ ጨው ማነሱን ይነግረኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ጨው ረሳሽ» ይለኛል ከቆርቆሮው ወዲያ። ቀምሼ አየዋለሁ፤ እውነቱን ነው። በጣም ያናድደኝ ነበር።

ረቡዕና አርብ ግን ሌላ ነገር ነበር። ክርስቲያኑ ስለሚጾም ሥጋ የለም፤ የጾሙን ሽሮና ምስር ደግሞ ሙስሊሙም ይበላዋል። ስለዚህ አንድ ድስት ብቻ ይጣዳል። በእነዚያ ቀናት ቆርቆሮው ይነሣና ሻለቃው በሙሉ ከአንድ ድስት ይቀዳል። እንደ ሥጋው ቀን ዓይነት ወጥ አልነበረም፤ ሳቁና ጫጫታው ግን የሚበልጠው የዚያን ቀን ነበር። ማኅበራችን እስከ ዛሬ ረቡዕ ረቡዕ የሚሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የጥበቃው ተራ ነበር የእኛ ነገር። ማን እንደ ጀመረው አላስታውስም፤ ሻምበሉ አላዘዘም። ፋሲካ ሲሆን፣ መስቀል ሲሆን ድልድዩን የሚጠብቁት ሙስሊሞቹ ናቸው፤ ክርስቲያኑ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። ለዓረፋና ለረመዳን ፍቺ ደግሞ ክርስቲያኖቹ ይቆማሉ። በረመዳን ቀን ቀን ፀሐይ ላይ የሚቆመው ክርስቲያን ነው፤ የጾመ ሰው ውሃ ጠምቶት ጠመንጃ ይዞ አይቆምም። ይህ ተራ ጽሑፍ ላይ አልነበረም። ተረኛ የሚሆነው ወገን ሳይጠየቅ ይነሣል፤ የሚያርፈው ወገንም አያመሰግንም። አንዱ ለሌላው የሚቆመው ሌላው «እባክህ» እስኪለው ሳይጠብቅ ነበር፤ ኩራታችንም እሱ ነበር። ይህ ጠባይ በኋላ ምን እንዳመጣብን እነግራችኋለሁ።

ጦርነቱ አለቀ፤ ድልድዩም ሳይሄድብን ቀረ። ሻለቃው ግን አልተበተነም፤ ሥራው ብቻ ተቀየረ። መጀመሪያ ወደ ሚኤሶ ወርደን የባቡሩን ሐዲድ ጠበቅን። እዚያ ጠላታችን ሙቀቱና ጊንጡ ነበር። ከዚያ መሠረተ ትምህርት መጣ፤ ጠመንጃ የያዘው ሁሉ ጠመኔ ያዘ። ስምንተኛ ክፍል መድረሴ ያን ጊዜ ጠቀመኝ። ጭልፋ ያስያዘችኝ ዓለም ይቅርታ የጠየቀችኝ መስሎኝ፣ እኔን ወጥ ቤት ያስገባኝን ሻምበል የገዛ ወታደሮቹን ፊደል ሳስቆጥርለት በደንብ አድርጌ ኮራሁበት። ድርቁ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱ ድስቶች ለእርዳታ ገንፎ ተሰጡ፤ ሐጂና እኔ ከጎሕ እስከ ማታ ስናማስል ክንዳችን አይታጠፍም ነበር። ገንፎ እርድ የለበትም፤ ስለዚህ ቆርቆሮ አላስፈለገንም። ቀጥሎ ከጭሮ በላይ ያለው ተራራ ላይ እርከን ሠራን፣ ችግኝ ተከልን። ዛሬ ዛፉን የሚያየው ሰው እግዜር የተከለው ይመስለዋል። እኔ ግን እያንዳንዱን ጉድጓድ ማን እየረገመ እንደቆፈረው አስታውሳለሁ።

በመጨረሻ መንግሥት ተለወጠና ትጥቅ ፍቱ ተባልን። ሰዎቻችን ጠመንጃቸውን እያስፈረሙ አስረከቡ። ድስቶቹን ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኛም ዝም አልን። ሁለቱንም ይዘን እድር አቋቋምን። ሰው የሚያውቀው የድልድይ ጦር እንግዲህ ይህ እድር ነው፤ ድንኳን፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ሁለት ድስት። የጥበቃው ተራ ወደ መቃብር ዞረ። ከእኛ ክርስቲያን ሲሞት ጉድጓዱን የሚከፍቱት ሙስሊሞቹ ናቸው፤ ክርስቲያኑ አልቅሶ ይወጣለታል። ሙስሊም ሲሞት ደግሞ የክርስቲያኖቹ ወንዶች ይቆፍራሉ። ቤት ንብረታቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች ከተማችን ባረፉ ጊዜም ድስቶቹን ጥደናል፤ ሠርግም አብልተናል። እውነቱን ለመናገር ከጦርነቱ ይልቅ ለሰው የበጀነው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍቼ ኖርኩ። ባሌ ቶሎ ሞተ፤ እግዜርም ልጅ አልሰጠኝም። የሠፈሩ ሴቶች እድራችን ግቢ ሲሉኝ፣ አፌን ሞልቼ፣ «እድር አለኝ፤ ጦር ነው የሚቀብረኝ» እላቸው ነበር። ትዕቢት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ጦሩ ግን እያነሰ ሄደ። ባለፈው ዓመት ስድስት ብቻ ቀረን። በክርስቲያን ወገን እኔ፣ ሊቀ መንበራችን አስር አለቃና ጡሩምባ ነፊው፤ በሙስሊም ወገን ሐጂና ሁለት የገለምሶ ቡና ገበሬዎች። አስር አለቃን ያኔም እርስዎ እላቸው ነበር፣ አሁንም እላቸዋለሁ፤ ዓይናቸው ደክሞ ቃለ ጉባኤውን የማነብላቸው እኔ ነኝ። ጡሩምባ ነፊው ሻለቃው ውስጥ ለሰልፍ የሚነፋልን ሰው ነበር፤ በኋላ በደሳ ገብቶ እየኖረ፣ ሰው ሲሞት እየመጣ በየሠፈሩ ለቀብር የሚጠራውን ጡሩምባ የሚነፋው እሱ ሆነ።

በመጨረሻው ቀብራችን ላይ ሐጂ ዶማውን ተደግፎ ሲያለከልክ አየሁት። አንጀቴን በላው። የገለምሶዎቹም ሁለት መኪና ቀይረው ነው የሚመጡት። አስር አለቃና ጡሩምባ ነፊው ቤቴ መጥተው ሦስታችን ተመካከርን። አስር አለቃ፣ «እነዚህ ሰዎች ደክመዋል፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው እንጂ ማረፍ ይፈልጋሉ» አሉ። «አፍ አውጥተው አይሉንም። እኛ ቀድመን እንልቀቃቸው።» ጡሩምባ ነፊው አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። እኔም እሺ አልኩ።

 ልደብቅ አልፈልግም፤ ፈራሁ። ማን ይቀብረኛል የሚለውን ነገር እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። የሠፈሩን እድር ስንት ዓመት አፌን ሞልቼ ስመልስ ኖሬ አሁን በምን ዓይኔ አስገቡኝ እላለሁ? ያም ሆኖ ሐጂን ለእኔ ሬሳ ብዬ በዚህ ዕድሜው ላስቆፍረው? ነውር መሰለኝ።

ረቡዕ ግቢዬ ተሰበሰብን። ሽሮው ከአንድ ድስት ተቀዳ። አስር አለቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ማኅበሩ ዓላማውን ፈጽሟልና ይፍረስ ወይስ ይቀጥል የሚለውን ድምፅ እንስጥበት አሉ። ተቃውሞ ጠብቄ ነበር። እንዲያውም ተስፋ አድርጌ ነበር። ሐጂ የገለምሶዎቹን አየ፣ እነሱም አዩት። «ይፍረስ የምትሉ» ሲባል ስድስቱም እጅ ወጣ። የሐጂ እጅ ከእኔ ቀድሞ ነው የወጣው። ሆድ ባሰኝ። ለካ እንዲህ ቸኩሎ ነበር አልኩ በልቤ። ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጄ ጻፍኩና ሁሉም ፈረሙበት። ንብረቱን ማንም ውሰድ ቢባል አልወሰደም፤ ግቢዬ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሐጂ ሲወጣ ደህና ዋይ እንኳን አላለኝም፤ እኔም በር ድረስ አልሸኘሁትም።

ሦስት ሳምንት ያህል ተኳርፈን ከረምን። ገበያ ላይ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከበደሳ ስልክ ተደወለ። ጡሩምባ ነፊው ሌሊቱን በእንቅልፉ አርፏል፤ ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የደወለችው ልጁ ናት፤ ለሁላችንም ደውላለች። የማስታውሰው ወጣትነቱ ነው፤ ጉንጩን ነፍቶ ሲቆም ሳቅ ያመልጠን ነበር። ስንቱን ሰው ጠርቶ አስቀብሮ፣ ለእሱ የሚነፋለት ጠፍቶ በስልክ ተነገረለት። አለቀስኩ፤ ለእሱም ለራሴም ነው ያለቀስኩት።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ መናኸሪያ ሄድኩ። የበደሳው ሚኒባስ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ የጫት እስር ነበር። መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ማኅበሩ ፈርሷል፣ ማንም ግዴታ የለበትም፣ አስር አለቃን ያለ መሪ ማን ያመጣቸዋል፣ የገለምሶዎቹ ቡና ለቀማ ላይ ናቸው፣ ሐጂማ እጁን ቀድሞ ያወጣ ሰው ነው። ብቻዬን ሆኜ ጓደኛዬን እንደምቀብር፣ እኔ ስሞት ደግሞ ያ አንድ ሰው እንኳን እንደማይኖር እያሰብኩ በደሳ ገባሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስደርስ በስተጀርባ በኩል ሰው ተሰብስቦ አየሁ። የበደሳ እድር ጎረምሶች አካፋ ይዘው ዳር ላይ ቆመዋል። መካከል ላይ ሦስት ሽማግሌዎች እንደ ዶሮ መሬት ይጭራሉ። ኮፍያውን አውልቆ ዶማ የሚያነሣው ሐጂ ነው። ሁለቱ የገለምሶ ሰዎች አፈሩን በእጃቸው ጭምር ይዝቃሉ። አስር አለቃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ምንም ሳያዩ፣ «ወደ ቀኝ ጠብቧል» እያሉ ያዛሉ። አንዱ ጎረምሳ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ እባክዎ ይንገሩልን፤ አባቶቹ ዶማውን አንሰጥም አሉ፤ ጉድጓዱን መክፈቱ የእኛ ነው ይላሉ» አለኝ።

ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ቀብር ላይ መሆናችንን ረስቼ ጮህኩበት። «ሐጂ! ማኅበሩ ፈርሶ የለም እንዴ?»

ቀና አለ፤ ላቡ ከጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። «ፈርሷል» አለ።

«ታዲያ ማን ላከህ?»

«ማን ይልከኛል? ክርስቲያን ነው የሞተው። ተረኛ ነኝ።» እንደዚህ ያለ ጅል ጥያቄ ሰምቶ እንደማያውቅ ሁሉ ተመልሶ ዶማውን አነሣ።

ሄጄ አስር አለቃ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጉድጓዱ ተከፍቶ ጎረምሶቹ ለመጨረስ ሲገቡ ሐጂ መጥቶ አፈሩ ክምር ላይ ዘፍ አለ። ውሃ ሰጠሁት። ከዚያ ያፈንኩት ሁሉ ወጣ። «ለምን እጅህን አወጣህ? ከሁላችንም ቀድመህ! ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ» አልኩት።

«አንቺስ ለምን አወጣሽ?»

«አንተ እንድታርፍ ነዋ! ደክመህ አይቼህ!»

ሐጂ ወደ ገለምሶዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ?» አላቸው። አንደኛው ራሱን ያዘና በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ፤ ወላሂ ሁላችንም ጅሎች ነን እንደማለት ነው። ለካ እነሱም ተመካክረው ኖሯል። የአስር አለቃን ዓይን አይተው፣ የእኔን ማነከስ አይተው፣ ክርስቲያኖቹ ደክመዋል፣ አፍ አውጥተው አይሉንም፣ ከነገሩ እናሳርፋቸው ተባብለው ነው የመጡት። ሐጂ እጁን ያስቀደመው እኔ እንዳላፍር ነው። ሲወጣ ያልተሰናበተኝ ደግሞ ድምፁ እንዳይሰበርበት ብሎ ነው። «አልቅሼ ነበር» አለኝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር አፍጥጦ እንደሚናገር ልጅ።

ስድስት ሰው፣ አንድም ሰው ያልፈለገውን ነገር፣ ለሌላው ብሎ በሙሉ ድምፅ አጽድቆ ፈረመ። እንዲህ ያለ ስሕተት ሌላ ጦር ይሠራል ብዬ አላምንም። ሳቄ መጣ፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሐጂም ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስር አለቃ ብቻ ከምር አሰቡበትና፣ «እንግዲህ አሁን ማኅበሩ ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም?» አሉ።  «ረቡዕ እንነጋገርበታለን» አሉና ዘጉት።

ጡሩምባ ነፊውን በክብር ቀበርነው። ልጁ ደረቷን እየመታች ስታለቅስ ይዤ አለቀስኩ፤ ደግሞ የደስታ የሚመስል ነገር ውስጤ ነበር፤ እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም። እሱ ቢያየን ይስቅ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የበደሳ ሰዎች ንፍሮ አቀረቡልን፤ ከአንድ ሳህን በላን።

ወደ ጭሮ ስንመለስ ሐጂና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱም ጉልበቱን እያሸ፣ «አንቺ ልጅ፣ የአንቺ የት ነው የሚሆነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«መቃብርሽ ነዋ። ቤተ ክርስቲያናችሁ ዳገት ላይ ነው። እኔ ዳገት ላይ ቆሜ መቆፈር አልችልም፤ ጉልበቴ አይቆምም። ሜዳ ላይ አድርጊልኝ።»

«ቀድመኸኝ ብትሞትስ?»

«ኢንሻአላህ አልቀድምሽም» አለ፤ «ሥራ አለብኝ።»

ከመኪና ወርጄ ቤቴ አልገባሁም። ቀጥታ ዳገቱን ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና፣ ከበሩ ገባ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ትንሽ ቦታ እንዲያዝልኝ ቄሱን ለመንኳቸው። ደንግጠው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሉኝ።

«እኔስ ደህና ነኝ አባ» አልኳቸው፤ «የሚቆፍርልኝ ሰው ነው ጉልበቱን የሚያመው።»